አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ፣ ብይን፣ ሰበር፦ ልዩነታቸውን በትክክል የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ የዜግነት ትምህርት ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና ያልገባትን ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ አዋጅ የሚባለው ሕግ ነው ወይስ ከሕግ የተለየ ነገር? ደንብስ? መመሪያስ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስሰማቸው የኖርኳቸውን ቃላት አንዱን ከሌላው ለይቼ ማስረዳት እንደማልችል ተረዳሁ።

ጥያቄው ለልጄ ብቻ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያቀረብኩት ማመልከቻ «በመመሪያው መሠረት ተቀባይነት የለውም» በሚል አንድ መስመር ተመልሶልኛል። መመሪያውን ለማየት ስጠይቅ «የውስጥ አሠራር ነው» ተባልኩ። መመሪያ ከሕግ እኩል ይሁን፣ ከሕግ በታች ይሁን ወይም ጭራሽ የቢሮ ማስታወሻ ይሁን ባለማወቄ፣ ደፍሬ ሁለተኛ ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ከዚህ ሌላ የፍርድ ቤት ቃላትም ግራ ያጋቡናል። ብይን፣ ፍርድ፣ ይግባኝና ሰበር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ልጄ «ሰበር ችሎት» የሚለውን ከ«ሰበር ዜና» ጋር አያይዛ አስቸኳይ ጉዳይ የሚታይበት ችሎት መስሏት ነበር፤ እኔም ላርማት ፈልጌ የማርምበት ቃል አጣሁ። የሚያውቅ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ቢያስረዳን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል።

ጡረተኛ መምህር

ወንድሜ፣ ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ የሚቸገሩት እርስዎ የጠቀሱት ቦታ ላይ ነበር። ለልጅዎ ትርጉሞቹን በዝርዝር አያስጠኗት። ስለ እያንዳንዱ ሰነድ «ማን አወጣው? የማውጣት ሥልጣኑንስ ከየት አገኘ?» ብላ እንድትጠይቅ ያስለምዷት፤ ይህን ከመለሰች ስሙ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

«ሕግ» ሁሉንም የሚያቅፍ ሰፊ ቃል ነው። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ የሕግ ዓይነቶች ናቸው እንጂ ከሕግ የተለዩ ነገሮች አይደሉም። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 9 የአገሪቱ የበላይ ሕግ እርሱ መሆኑን፣ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ከእርሱ ቀጥሎ አዋጅ ይመጣል፤ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው ሕዝብ በየአምስት ዓመቱ የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው የተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ሥልጣን ሲሰጠው ነው። መመሪያ ደግሞ አንድ ሚኒስቴር ወይም ሌላ የመንግሥት ተቋም አዋጁ ወይም ደንቡ በፈቀደለት ልክ የሚያወጣው ዝርዝር ነው። እንግዲህ መመሪያ የደንብና የአዋጅ ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ከወላጁ በላይ ሊያዝ አይችልም።

ይህን በዓይን ማሳየት ከፈለጉ ከልጅዎ ጋር አንድ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይዘው ይቀመጡ። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ በኩል አማርኛው፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛው ይገኛል። አዋጅ ከሆነ በመጀመሪያ «ስለሆነ፣» «በማስፈለጉ፣» እያሉ የሚደረደሩ የመግቢያ ሐሳቦችን ታያለች፤ እነርሱ ሲያበቁ «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(1) መሠረት የሚከተለው ታውጇል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ደንብ ከሆነ ደግሞ ሥልጣኑን ያገኘበትን አዋጅ በቁጥርና በአንቀጽ ጠቅሶ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይህን ደንብ አውጥቷል» ይላል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የሰነዱ የልደት ምስክር ወረቀት ናት፤ ብዙ ሰው ግን ሳያነብባት ያልፋል። ቁጥሩንም ታንብበው፤ «አዋጅ ቁጥር 1234/2013» ሲባል ከእዝባሩ በኋላ ያለው በእኛ አቆጣጠር የወጣበት ዓመት ነው፤ ከፊት ያለው ግን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ተራ ቁጥር እንጂ በየዓመቱ ከአንድ የሚጀምር አይደለም።

የጋዜጣው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ነጋሪት አዋጅ ሲነገር ይጎሰም የነበረው ከበሮ ነው፤ ሕዝቡ በገበያ ቀን ተሰብስቦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እየተባለ ሕግ ይነገረው ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ በጽሑፍ መታተም ሲጀምር የከበሮው ስም ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። ሕግ ለሕዝብ ሳይነገር ሕዝብን ሊያስገድድ አይገባም የሚለው አሳብ በቋንቋችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ እንደነበረ ይህ ስም ይመሰክራል።

አንድ ነገር ልጨምር። «መንግሥት» የሚለው ቃላችን «ንጉሥ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ በዚህም የተነሳ ይመስለኛል ብዙ ሰው መንግሥትን አንድ አካል፣ አንድ ድምፅ አድርጎ የሚያየው። ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ሕግ ተርጓሚው ሦስቱም መንግሥት ናቸው። ሚኒስቴሩ መንግሥት ነው፤ በሚኒስቴሩ ላይ የሚፈርደው ዳኛም የመንግሥት አካል ነው፤ ነገር ግን ከሚኒስትሩ ትእዛዝ አይቀበልም። ልጅዎ ይህን ከተረዳች ሌላው ሁሉ ይቀልላታል።

በመዝገብ ቤት የሠራች

መምህር በሕጎቹ ላይ በቂ ስለተናገሩ እኔ የፍርድ ቤቱን ቃላት ልውሰድ። በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ባለጉዳዮች በቃላት ምክንያት ሲደነግጡ ያየሁትን ያህል በውሳኔ ምክንያት ሲደነግጡ አላየሁም።

በመጀመሪያ «ተከሳሽ» በሚለው ቃል ልጀምር። አንድ አዛውንት የመጥሪያ ወረቀት በእጃቸው ይዘው «በሽምግልናዬ ተከሳሽ ተባልኩ፣ ምን ወንጀል ሠርቼ ነው?» ብለው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መጥተው ነበር። ጉዳዩ ከጎረቤት ጋር የድንበር ክርክር ነው። እንዲህ ያለው ክርክር የፍትሐ ብሔር ይባላል፤ በሰዎች መካከል ስለ ንብረት፣ ስለ ውል፣ ስለ ውርስና ስለመሳሰሉት የሚነሳ ሲሆን፣ በመጨረሻም ማንም «ጥፋተኛ» ወይም «ወንጀለኛ» አይባልም። ተከሳሽ ማለት በዚህ ቦታ ክስ የቀረበበትና መልስ የሚሰጥ ወገን ማለት ብቻ ነው። በወንጀል ግን ክሱን በአብዛኛው የሚያቀርበው ሕዝብንና መንግሥትን ወክሎ ዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕግ በችሎት ፊት ተከራካሪ ወገን ነው፤ ክስ ያቀርባል፣ ማስረጃ ያቀርባል፣ አይፈርድም።

በወንጀል ጉዳይ የሰውየው መጠሪያ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይለወጣል። ፖሊስ ሲይዘው ተጠርጣሪ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረትም ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራውን ያልጨረሰ እንደሆነ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ «የጊዜ ቀጠሮ» ይባላል፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ ነህ ተብሎ እስኪወሰንበት ድረስ ግን በአንቀጽ 20 መሠረት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው።

አሁን ወደ ብይን ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህ ቃል ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ሰነዶቹን አቅርቦ ከጨረሰ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ፣ ክሱ ካልተረዳ ተከሳሹን በነፃ ያሰናብተዋል፤ መልስ የሚያሻው ሆኖ ካገኘው ደግሞ «ተከሳሹ ይከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። አንዲት እናት ልጃቸው «ይከላከል» ተብሎ ብይን በተሰጠበት ቀን በኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። «ተፈረደበት» ብለው ለዘመድ ሁሉ ደውለዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ አልተፈረደበትም፤ አሁን የመናገሪያ ተራው የእርሱ ነው፣ ምስክሮቹን ይዞ ይቅረብ ነው የተባለው» ብዬ ሳስረዳቸው ዓይኔን እያዩ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ብይን በክርክሩ መካከል በተነሳ ጭብጥ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ ነው፤ ፍርድ ግን ዋናውን ጉዳይ የሚቋጭ ነው። ትእዛዝ ደግሞ «ማስረጃ ይቅረብ»፣ «መጥሪያ ይድረስ» እንደሚባለው ጉዳዩን ወደ ፊት የሚያስኬድ ነው።

በፍትሐ ብሔር ደግሞ ሌላ ያልታወቀ ነገር አለ። የተፈረደለት ሰው የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ መጥቶ «ገንዘቤን ስጡኝ» ይላል። ተፈረደልኝ ማለት ተከፈለኝ ማለት አይደለም። የተሸነፈው ወገን በፈቃዱ ካልፈጸመ፣ አሸናፊው የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለበት፤ በዚያ መዝገብ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ መባላቸው ቀርቶ የፍርድ ባለመብትና የፍርድ ባለዕዳ ይባላሉ።

ይግባኝ ለማለት ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሲኬድም ስሞቹ ይለወጣሉ፤ ቅሬታ ያቀረበው ይግባኝ ባይ፣ ሌላው መልስ ሰጪ ይባላል። በሰበር ደግሞ አመልካችና ተጠሪ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድን የውሳኔ ወረቀት ስታነብቡ የተከራካሪዎቹን መጠሪያ ብቻ አይታችሁ ጉዳዩ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቅ ትችላላችሁ። ስለ ሰበር ሌላውን ሕግ የተማረ ሰው ቢያስረዳ ይሻላል።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ነጋሪት ጋዜጣ ከፍተን «የሚከተለው ታውጇል» የምትለውን ዐረፍተ ነገር ፈልገን አገኘናት፤ በጣም ደስ አላት። የእናትየውን ታሪክ ሳነብብላት ግን ዝም አለች፤ ከዚያ «ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀጥላ ያነሳችው ጥያቄ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው። ደብተሯ ላይ ፍርድ ቤቶች «ሕግ ተርጓሚ» ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ይላል። «ሕገ መንግሥት ሕግ አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምን ፍርድ ቤት አይተረጉመውም?» ትላለች። ስለ መመሪያውም ጉዳይ ምን ማድረግ እንደምችል ብትጠቁሙኝ።

ጠበቃ

ልጅዎ ያነሳችው ጥያቄ የሕግ ተማሪዎች ሴሚስተር ሙሉ የሚከራከሩበት ነው፤ ሁለቱም የደብተሯ ገጾች ትክክል ናቸው። ፍርድ ቤቶች አዋጅን፣ ደንብን፣ ውልንና የመሳሰለውን ዕለት ዕለት ይተረጉማሉ። ሕገ መንግሥቱን በተመለከተ ግን አንቀጽ 62 የመተርጎም ሥልጣንን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። ይህ ምክር ቤት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሚወከሉበት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ አባል፣ ለየአንድ ሚሊዮን ሕዝባቸው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይኖራቸዋል። ከአሠራሩ በስተጀርባ ያለው አሳብ ሕገ መንግሥቱ የእነዚሁ ሕዝቦች የቃል ኪዳን ሰነድ ስለሆነ ትርጉሙን ራሳቸው ይወስኑ የሚል ነው። በብዙ አገሮች ይህ ሥራ የፍርድ ቤት ወይም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ስለሆነ የእኛ ምርጫ የተለየ ነው፤ በእኔ አስተያየት ክርክሩ ገና የሚቀጥል ነው።

ይሁንና ምክር ቤቱ ብቻውን አይሠራም። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ የሚባል 11 አባላት ያሉት አካል አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል የሚወክላቸው ሦስት ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ሲባል ጉባዔው ያጣራል፤ አያስፈልገውም ካለ ወደ ፍርድ ቤቱ ይመልሰዋል፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትርጉም ጥያቄ አቀረበ፤ ጉባዔው የሕግ ባለሙያዎችን በይፋ ሲያነጋግር ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጠ። ውጤቱን የደገፈም የተቃወመም ብዙ ነው፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሰበር ሦስተኛ ዙር ይግባኝ አይደለም። ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም መልሶ ሊመረምር ይችላል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም፣ ምስክሩ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለውን ጭምር። ሰበር ግን የመጨረሻ ፍርድ ባረፈበት ጉዳይ ላይ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» አለ ወይ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ «ምስክሬን አላመኑኝም» ብሎ ሰበር የሚሄድ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አቤቱታውን በመጀመሪያ አጣሪ ችሎት ያየዋል፤ ካለፈ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት ይታያል። ስህተት ከተገኘ የቀድሞው ፍርድ ይሻራል ወይም ይሻሻላል፤ ችሎቱ የፍርዱን ጽናት ይሰብራል ብላችሁ ለልጅዎ ብትነግሯት ከ«ሰበር ዜና» ጋር አታምታታውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። አንድ የማናውቀው ሰው በውርስ ጉዳይ ያስወሰነው ውሳኔ ነገ የእኛን ጉዳይ የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መመሪያው፣ ልብ ይበሉ፤ «የውስጥ አሠራር ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። መምህር በትክክል እንዳሉት መመሪያ ሥልጣኑን ከአዋጅ ወይም ከደንብ ያገኛል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል ተቋማት መመሪያ የሚያወጡበትን መንገድ ወስኗል። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት፤ የጸደቀውም በአሁኑ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ተሰጥቶት በድረ ገጽ መገለጽ አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የመመሪያው ስምና ቁጥር ምንድን ነው? የትኛው አንቀጽ ነው ማመልከቻዬን የከለከለው? መመሪያው ሥልጣኑን ያገኘው ከየትኛው አዋጅ ነው? ውሳኔውም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በቅድሚያ ቅሬታዎን ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርቡ፤ በዚያ ካልተፈታ የአስተዳደር ውሳኔው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ ማመልከት ይቻላል። የጊዜ ገደብ ስላለው ግን አይዘግዩ። ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ያስተውሉ፦ አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ስለሆነ ጉዳያቸው ከክልል መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ የክልሉን ሕግ ማየት አለባቸው።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት

ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ የገቢ ቁጥር እቀበላለሁ። ልጄ ደግሞ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል አንድ ጥያቄ አስተላልፋለች፦ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አንድን አዋጅ አልፈርምም ቢሉ አዋጁ ይቀራል ወይ?

ጡረተኛ መምህር

አይቀርም። በአንቀጽ 57 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት መክሮ የተስማማበት ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱም በ15 ቀናት ውስጥ ይፈርማሉ። ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ናቸው፤ የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ነገ ማታ ልጅዎ «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሆኖ ሳለ እንዴት አዋጅ ይባላል?» ብላ እንደምትጠይቅዎ ስለምገምት መልሱን ከወዲሁ ልስጥዎ፦ አንቀጽ 93 ሥልጣኑን ለይቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓታት ውስጥ፣ በሥራ ላይ ካልሆነ ደግሞ በ15 ቀናት ውስጥ ይቀርብለታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልተቀበለው ወዲያውኑ ይሻራል።